በአትሮንሱ ቦታ የቆመው ፊት

ቅዳሜ ጠዋት የጸሎት ቤታችንን በር ከፍቼ ስገባ፣ መድረኩ ላይ ራሴን ቆሜ አገኘሁት።

እንዲህ ስላችሁ ሽማግሌው ጃጀ እንዳትሉኝ። እኔም በዚያች ቅጽበት የጃጀሁ መስሎኝ ነበር። መጋረጃዎቹ ገና አልተገለጡም፤ ብርሃን የሚገባው እኔ በከፈትኩት በር በኩል ብቻ ነው። በዚያ ብርሃን ውስጥ፣ አናቱ ጣሪያውን ሊነካ ጥቂት የቀረው፣ ከእግር እስከ ራሱ የወርቅ ቀለም የተቀባ፣ ሁለት እጆቹን እንደ ክንፍ የዘረጋ ንጉሥ ቆሟል። የቆመውም ሌላ ቦታ አይደለም፤ አትሮንሱ በሚቆምበት፣ ቃሉ በሚነበብበት በዚያው ስፍራ ነው። አትሮንሱን እንደ ተቀጣ ተማሪ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው ጥግ አስይዘውታል። ቀና ብዬ የንጉሡን ፊት ሳይ የእኔ ፊት ነው። በቅንድቦቼ መካከል ያለው ሽብሽብ፣ ወደ ግራ ጠመም ያለው አፍንጫዬ፣ አገጬ ላይ ያለችው ኪንታሮት ሳትቀር።

“የጌታ ያለህ!” ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ከባዶው አዳራሽ ተመልሶ መጣብኝ። የኋለኛው አግዳሚ ላይ ዘፍ አልኩ።

ግራ እንዳይገባችሁ ነገሩን ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

መጋቢያችን በዚያ ሰሞን የሚያስተምሩት ስለ ቤተ መቅደሱ መርከስ ነበር። ነቢዩ ዳንኤል በምርኮ አገር ሆኖ ስላየው፤ አንድ ትዕቢተኛ ገዢ መጥቶ የዘወትሩን መሥዋዕት እንደሚያስቀር፣ በተቀደሰውም ስፍራ የጥፋትን ርኩሰት እንደሚያቆም። አይሁድ ይህን ቃል በመከራቸው ዘመን እንዴት እንዳነበቡት ነገሩን፤ ባዕድ ንጉሥ መቅደሳቸው ውስጥ ገብቶ የጣዖት መሠዊያ እንዳቆመ፣ እሪያም እንዳሠዋበት። ጌታችንም ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ነገሩ እንዳላለቀ፣ ያንን ሲያዩ ሰዎቹ ወደ ተራራ እንዲሸሹ እንዳስጠነቀቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ያ መቅደስ ተቃጥሎ እንደፈረሰ። መጋቢው ሲያስተምሩ አንጀት ይበላሉ። ከትምህርቱ በኋላ ታዲያ ደጅ ቆመን፣ “ወደ ፊት የሚመጣውስ ማን ይሆን?” እያልን ግምት ማዝነብ ነው። አንዱ ከባሕር ማዶ ያለ መሪ ነው ይላል፣ ሌላው ሰው መሳይ ማሽን ነው ይላል። ጣታችን የሚቀሰረው ሁልጊዜ ወደ ሩቅ ነበር።

ትምህርቱ የወጣቶቹን መሪ ልቡን ነካውና ድራማ እንሥራበት አለ። ይህን ልጅ ፊሽካ ነው የምንለው፤ ሰው ሳይበተን “ሰብሰብ በሉ!”፣ ማንም ሳይዘገይ “ቶሎ በሉ!” ማለት ስለሚወድ። ክፋት የለበትም፣ ችኩል ነው እንጂ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ እንግዶች ተጠርተው፣ ያ ንጉሥ መቅደሱን ሲያረክስ በድራማ ይታያል ተባለ። መጋቢውም የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎችም ፈቀዱ። እንግዲህ ለድራማው ጣዖት ያስፈልጋል። ጣዖት የሚሠራ ሰው ደግሞ ከየት ይምጣ? ከእኔ ቤት።

የልጄ ሚስት ሥራዋ በልብስ መደብሮች መስኮት የሚቆሙትን ሰው የሚያካክሉ አሻንጉሊቶች መሥራት ነው። ሽቦ ታጥፋለች፣ በጀሶ የተነከረ ሻሽ ታለብሰዋለች፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሰዋለች። ልጄ የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ በሄደበት ከተማ አግኝቷት አግብቶ አመጣት። የጸሎት ቤታችን ሰው ጨዋ ነው፤ ፊት ለፊት ክፉ አይናገርም። ዞር ስትል ግን፣ ወገኗ አይታወቅም፣ ቀኑን ሙሉ ራቁት አሻንጉሊት ስታሻሽ ነው የምትውለው ይላል። ስሟን የሚጠራት የለም፤ “ባለ አሻንጉሊቷ” ነው የሚሏት። እሷ ግን መጣች፣ ከኋላ ተቀመጠች፣ ሰማች፣ አመነች። የጥምቀት ትምህርቷን ጨርሳ የምትጠመቀው በዚያችው እሑድ ነበር። ፊሽካ ጣዖቱን ሥሪልን ሲላት ፊቷ እንዴት እንደበራ ባያችሁ!

“አባባ፣ ፈለጉኝ እኮ!” አለችኝ። “ከሰዉ ሁሉ እኔን።”

ጣዖቱ ቤታችን ሳለ ጣዖት አይመስልም ነበር። በብልት በብልቱ ነዋ የተሠራው። አንዱ እግር ደጅ፣ ሌላው እግር አልጋ ሥር። አንደኛው እጅ ምግብ ጠረጴዛችን ላይ ሰነበተና ባለቤቴ እርጥብ ካልሲ ታሰጣበት ጀመር።

“ይሄ ንጉሥሽ ከዋለ ካደረ ዕቃ እንኳ አያጥብልኝም?” ትላታለች።

“ጀሶ ነው እማዬ፣ ውኃ አይወድም።”

“እንግዲያው ከልጄ አይለይም በይኝ!”

ሁለቱ እንዲህ እየተባባሉ ሲስቁ ይውላሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ እኔ መጣችና “አባባ፣ ፊትዎን ያበድሩኝ” አለችኝ። ለሽማግሌ ልብስ ማሳያ መስሎኝ እሺ አልኩ። ቫዝሊን ቀባችኝ፣ እንድተነፍስ አፍንጫዬን ክፍት ትታ እርጥቡን ሻሽ ፊቴ ላይ ደራረበችው። “እንዳይንቀሳቀሱ” ብላኝ ዞር ከማለቷ አፍንጫዬን በላኝ። ማከክ የለ፣ ማስነጠስ የለ፤ ጀሶው እስኪደርቅ ድረስ ተኮሳትሬ ቀረሁ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን ረሳሁት።

እንግዲህ ወደ ቅዳሜ ጠዋት ልመለስ። አግዳሚው ላይ እንደ ተቀመጥኩ፣ ምራቴ የቀለም ቆርቆሮና ብሩሽ ይዛ ከኋላዬ እየሮጠች ገባች።

“አይተውት ነው አባባ? ወይኔ! ልቀድምዎ ብዬ ነበር እኮ።”

“ልጄ፣ ያ እኔ ነኝ ወይስ ዐይኔ ነው?”

“እርስዎ ነዎት። ይቅር ይበሉኝ። ያሉኝ የፊት ፎርማዎች ሁሉ ለሱቅ የተሠሩ፣ ፈገግ ያሉ ናቸው። ፊሽካ ደግሞ የሚያስፈራ ፊት አድርጊለት ብሎኛል። የተኮሳተረ ፊት ያለኝ የእርስዎ ብቻ ነው። አፍንጫውን አሰፋለሁ፣ ጺም እጨምርበታለሁ ብዬ ትናንት ገጣጥመን ሳንጨርስ መሸብን። አሁን ልለውጠው ነው የመጣሁት።”

“በይ ለውጪው! ሰው ሳያየኝ!”

መሰላሉን ሳታስጠጋ ወጣቶቹ ግር ብለው ገቡ። ፊሽካ ከፊት ነው። አንዴ ጣዖቱን አየ፣ አንዴ እኔን አየ፣ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

“አባባ! ነገሡ እኮ! አንቺ፣ እንዳትነኪው፤ ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ ፊት ከየት ይመጣል?”

“ባለቤቴ እንኳ ዕድሜ ልኳን እንዲህ ብላኝ አታውቅም” አልኩት። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ልቤ ግን አልሳቀም።

ልምምዱ ተጀመረ። በድራማው ውስጥ ሃይማኖታቸውን የካዱ ካህናት አሉ፤ እነሱ ለጣዖቱ መስገድ አለባቸው። በእጄ ይዤ ያሳደግኋቸው ልጆች፣ እዚያ መድረክ ላይ ቆመው የሚዘምሩ ልጆች፣ በዚያ በወርቁ ፊቴ ፊት በግምባራቸው ተደፉ። አንዷ በስልኳ ፎቶ ታነሳለች። ፊሽካ፣ “ዝቅ በሉ! ገና! እንደምታምኑበት አድርጉት እንጂ!” ይላል። ያ ባለቤቴ ካልሲ የምታሰጣበት እጅ ከላያቸው ተዘርግቷል፤ እዚህ ሲቆም ግን ሌላ እጅ ሆኗል። 

“ፊሽካ፣ ልጄ፣ እዚህ ቦታ ላይ ባይሆን?” አልኩት።

“ድራማ እኮ ነው አባባ! ሰው እንዲጸየፈው ነው የምናሳየው።”

ይህን ሲል እማማ ምርኩዝ መግባታቸውን ማናችንም አላየንም። እማማ ምርኩዝ የጸሎት ቤታችን እናት ናቸው። ዐይናቸው ደክሟል፤ ጥላ ከብርሃን ይለያሉ እንጂ ከዚያ አያልፉም። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ፣ መንገዱን በልባቸው ስለሚያውቁት፣ በምርኩዛቸው እየዳሰሱ ቀጥ ብለው ወደ አትሮንሱ ይሄዱና ከሥሩ ተንበርክከው ይጸልያሉ። ያን ዕለትም እንደ ልማዳቸው ሄዱ። ልጆቹ ተደፍተው ሲያንሾካሹኩ የጸሎት ጉባኤ መስሏቸው ይሆናል። እኔ ቀና ስል ተንበርክከዋል።

“አባት ሆይ፣ ዛሬም በፊትህ ወደቅሁ” አሉ ጮክ ብለው። እጃቸውን ዘርግተው የአትሮንሱን እግር ሊይዙ ፈለጉ። የያዙት ጣት ነው። የእግር ጣት። ሁለተኛውን ዳሰሱ፣ ሦስተኛውን ዳሰሱ። ቀና አሉ። ያ ሁሉ ወርቅ ከላያቸው ሲያንጸባርቅ ለዚያ ለደከመ ዐይንም ታየው።

እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም፤ ከእንግዲህም አያሰማኝ። በጎናቸው ወደቁ፤ ምርኩዛቸው እየተንከባለለ አግዳሚ ሥር ገባ።

“ለማን ነው የሰገድኩት?” አሉ። “ልጆች፣ ንገሩኝ፣ ለማን ነው የሰገድኩት?”

 አንዷ ልጅ አለቀሰች። ደግፈን አግዳሚ ላይ አስቀመጥናቸው፣ ውኃ አመጣንላቸው። ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ መጡ። መጋቢው መጡ። ደጃፉ ላይ ደርሰው ዐይናቸው መድረኩ ላይ ሲያርፍ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቀሩ።

“ግቢው ውስጥ መስሎኝ ነው የፈቀድኩት” አሉ ቆይተው። “እኔ ግቢው ውስጥ መስሎኝ ነው። እዚህ? በዚህ ስፍራ? አውጡት!”

ወጣቶቹ ተረባረቡ። ከመድረኩ አውርደው እየጎተቱ በሩ ጋ አደረሱት። እጆቹ አያልፉም። አጋደሙት፤ አያልፍም። አዞሩት፤ አያልፍም። ምራቴ፣ “ውስጡ ያለው ብረት አንድ ላይ ታስሯል፤ ካልተሰበረ አይወጣም” አለች። መልሰው ወደ መሐል ገፍተው አቆሙት። አሁን ደግሞ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በአግዳሚዎቹ መካከል ቆመ።

“ማን ነው የሠራው?” አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

ዐይን ሁሉ ወደ ምራቴ ዞረ። ማን እንዳዘዘው የጠየቀ የለም። ፊሽካን አየሁት፤ የጫማውን ጫፍ ያያል።

“እኔስ ቀድሞም ፈርቼ ነበር” አለ ያው ሽማግሌ። “በእጇ ጣዖት የምትቀርጽ ሴት ነገ እዚህ ልትጠመቅ? የአባቷን ያህል የሚሆኑትን ሰው ፊት እንኳ መቀለጃ አደረገችው! እናታችንን ልትገድልብን ነበር!”

“ነገሩ እስኪጣራ የእሷ ጥምቀት ይቆይ” አለ ሌላው።

መጋቢው ገና ከድንጋጤያቸው አልወጡም። “ይቆይ” አሉ፣ ሳያይዋት።

“ያዘዛችሁኝን ነው የሠራሁት” አለች ምራቴ። ቀስ ብላ ነው ያለችው። የቀለም ብሩሹ እስካሁን እጇ ላይ ነው። ወደ ወጣቶቹ ዞረች። ስንት ቀን አብረዋት ሽቦ ሲያጥፉ የዋሉ፣ ምሳዋን የተካፈሉ ልጆች ናቸው። አንድም ሰው ቃል አልተነፈሰም።

በዚያ ጠዋት ብዙ ደንግጬ ነበር። እንደዚህ ግን አልደነገጥኩም።

መዶሻ መጣ። ለፊሽካ ሰጡት። መሰላሉን ወጣ፣ መዶሻውን አነሳ፣ ፊቴን አየ፣ አወረደው።

“አልችልም” አለ። “አባባን እንዴት ልምታ?”

ሌላው ልጅ ተቀበለው። እሱም፣ “ኧረ እኔስ! ትምህርት ቤት ያደረሱኝን ሰው!” ብሎ ወረደ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። “እውነትም ነውር ነው” አለ ያ መጀመሪያ የተናገረው ሽማግሌ፣ “የሽማግሌ ፊት በመዶሻ? ለነገ አንሶላ እናልብሰውና ሰኞ በመጋዝ ቆራርጠን እናውጣው።” መጋቢውም፣ “እንሸፍነው ይሆን?” አሉ።

ያኔ ነው የገባኝ። ለእኔ ክብር ሲባል ያ ነገር እሑድ በጉባኤው መካከል ቆሞ ሊውል ነው። አንሶላ ለብሶ። እየዘመርን፣ እየጸለይን። በዚያው እሑድ እሷ ከቤቱ ወጥታ። ባዕድ ንጉሥ አልመጣ፣ ከባሕር ማዶ ማንም አልተሻገረ። በመቅደሱ የሚያቆሙት ወዳጆቼ ናቸው፤ ወደውኝ ነው።

“ስሙኝ ልጆቼ” አልኩ። ሄጄ ምራቴ አጠገብ ቆምኩ። “ለጀሶው ፊቴ ሳሳችሁለት። ይቺ የቆመችው ግን ሥጋ ናት። እሷን ስትመቷት የማንኛችሁም እጅ አልተንቀጠቀጠም። አምጣው ያንን መዶሻ።”

“ይወድቃሉ አባባ!” አለኝ ፊሽካ።

“ብወድቅ ከራሴ ላይ ነው።”

ምራቴ ምንም ሳትናገር መጥታ መሰላሉን ያዘችልኝ። ወጣሁ። ፊት ለፊት ተያየን፣ እኔና እኔ። ወርቅ ሲቀቡት እንዴት እንደሚኮራ ይህ ፊት! እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትንሽ ሳሳሁ። መልከ መልካም ሆኜ ነበር። ከዚያ አፍንጫውን መታሁት። የመታሁት እሱን፣ ያመመኝ እኔን። ወርቁ ተላጠና ነጩ ጀሶ ወጣ። “በቃ አባባ!” አለ አንድ ሰው። ከአግዳሚው ላይ ደግሞ የእማማ ምርኩዝ ድምፅ መጣ፦ “በርታ ወንድሜ! አትተው!” ደግሜ መታሁ። ጉንጩ ረገፈ፣ ግምባሩ ተሰነጠቀ፣ መጨረሻ ላይ ጭንቅላቱ ተገንጥሎ ወለሉ ላይ ወድቆ ተፈረካከሰ። ከዚያ ወዲያ ወጣቶቹ እንደ ንብ ሰፈሩበት። እጁን፣ ደረቱን፣ እግሩን። ብረቱ ብቻ ቀረ፤ እሱንም አጣጥፈው አወጡት።

ስንጨርስ ሁላችንም ነጭ ነን፤ ቅንድባችን ሳይቀር። ፊሽካ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል።

“ያዘዝኳት እኔ ነኝ” አለ። “በአትሮንሱ ቦታ ይቁም ያልኩትም እኔ ነኝ። እሷማ ግቢ ይሻላል ብላኝ ነበር።”

መጋቢው ወደ ምራቴ ሄዱ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሰበብ አልፈለጉም። “ልጄ፣ በድለንሻል። እኔም ሳላይሽ ፈረድኩብሽ። ይቅር በይን። ነገ ትጠመቂያለሽ” አሏት።

እኔ ተመስገን ብዬ ትንፋሼን ለቀቅሁ። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

“ይቅር ብያለሁ መጋቢ” አለች። “ነገ ግን አልጠመቅም።”

“ምነው ልጄ?”

“ስጣል ዝም ያለ አፍ ሁሉ፣ ነገ ከውኃ ስወጣ ሲዘምርልኝ መስማት አልችልም። አይሆንልኝም።”

ብሩሿን ጠራርጋ፣ ቆርቆሮዋን ከድና ወጣች። እዚያ የቀረነው ሰዎች እንደ ጀሶ ደርቀን ቆምን።

መንገድ ላይ ደርሼባት ቤት ስንገባ ባለቤቴ ሁለታችንን አይታ “ምን ነካችሁ? ዱቄት ውስጥ ወደቃችሁ?” አለች። የሳቀላት አልነበረም። ምራቴ ታጥባ ስትወጣ፣ “ልጄ፣ ትተሽን ልትሄጂ ነው?” አልኳት።

“አላውቅም አባባ” አለች። 

እሑድ ጠዋት አዳራሹ ታጥቦ ነበር። አትሮንሱ ከጥጉ ወጥቶ ቦታው ላይ ቆሟል። ድራማው ተሰርዟል። ሰው ሁሉ ሲገባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፣ ልክ እንደ ሐዘን ቤት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ መንገዱን አያለሁ። መዝሙር ተጀመረ፤ የለችም። ሁለተኛው መዝሙር ተጀመረ፤ ተስፋ ቆረጥኩ። ከዚያ ከባለቤቴ ጋር መጣች። ባለቤቴ ወደ ፊት ስታልፍ እሷ እንደ መጀመሪያ ቀኗ በሩ አጠገብ፣ የመጨረሻው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አልዘመረችም።

መጋቢው ቃሉን ማንበብ ሲጀምሩ የምርኩዝ ኳኳታ ተሰማ። እማማ ምርኩዝ ከፊተኛው መቀመጫቸው ተነሥተዋል። ሰው እጃቸውን ሊይዝ ብድግ ሲል፣ “ተዉኝ!” አሉ። አግዳሚዎቹን አንድ በአንድ እየዳሰሱ እስከ መጨረሻው መጡ።

“ባለ አሻንጉሊቷ እዚህ ናት?”

“አለሁ እማማ።”

“ጠጋ በይ።” ተቀመጡ። “ስምሽ ማን ነው?”

ነገረቻቸው። ደግመው ጠሩት፣ ጣዕሙን እንደሚቀምስ ሰው።

“ያን እግር አንቺ ነሽ የሠራሽው?”

“እኔ ነኝ እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

“ጣቶቹ ደህና ተሠርተዋል። ሥጋ መስሎኝ እኮ ነው ያበድኩት።” ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። “ስትጠመቂ ከውኃ ስትወጪ ፎጣ የሚይዝልሽ ማን ነው?”

“ማንንም አልጠየቅኩም።”

“እንግዲያው እኔ እይዛለሁ። ዐይኔ አያይምና ወደ እኔ መምጣቱ ያንቺ ፋንታ ነው።”

ምራቴ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።  እማማ አልቸኮሉም፤ ምርኩዛቸው ላይ አገጫቸውን አሳርፈው ጠበቁ።

“የሚመጣው እሑድ?” አለች በመጨረሻ።

“የሚመጣው እሑድ። ብቻ እንዳልሞትብሽ ጸልዪ።”

ዝግ ብለው የሚያወሩ መስሏቸው ነበር፤ እማማ ግን ጆሯቸውም ደከም ስላለ ድምፃቸው ከፍ ያለ ነው። መጋቢው ንባባቸውን አቁመዋል። ጉባኤው ዞሯል። ፊሽካ ከወጣቶቹ መሐል ተነሥቶ በመተላለፊያው መጣና፣ አግዳሚው ላይ ቦታ እያለ፣ ከሁለቱ እግር አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።